ያልመጣው አምስተኛ ክፍል

ስለ ፍርሃት ልጽፍ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር፤ ፈሪ ሰው የጻፈው እንዳይመስላችሁ።

ከአየር ጤና ወደ ቤቴል ስትሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ማነው ተብሎ ቢጠየቅ የሚጠቆመው የእኔ በር ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ያስቀመጠኝ ሰው የለም። እንግሊዝኛን የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት፣ ከመድኃኒት ካርቶንና ከመኪና መለዋወጫ ማሸጊያ ላይ ነው። አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ክፍል ጠባቂ ሆኜ ገብቼ፣ ጡረታ ስወጣ የሞተርን ሕመም ከድምፁ የምለይ ሰው ሆኜ ወጣሁ። መካኒኮቹ ኮፈን ሥር ጭንቅላታቸውን ቀብረው ሲከራከሩ እኔ ከመስኮቴ ሆኜ "ቫልቩ ነው" እላለሁ፤ ቫልቩ ይሆናል።

የቤቴን የመብራት መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ቧንቧውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። በሰፈራችን መጀመሪያ ዲሽ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ተከትለው ሲሰቅሉና ምስሉ ሲበታተንባቸው መሰላል ተሸክሜ የደረስኩላቸውም እኔ ነኝ። "እስቲ ጋሼ ይጠየቁ" የሚባለው በከንቱ አልነበረም። ይህን የምለው ለመመካት ነው ብትሉኝ አልቀየማችሁም። ማንም ባልሰጠኝ ነገር ነው የምመካው።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበር። በየወሩ ከሚከፈልባቸው አንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ሲያስተምር ውሎ ሲያስተምር ያመሻል። ድልድይ ወንዝ ውስጥ እንዴት እንደሚተከል፣ ብረት ለምን እንደሚዝግ፣ ኦክቶፐስ የሚባለው የባሕር ፍጥረት ሦስት ልብ እንዳለው ከእሱ ነው ያወቅኩት። የሚተርከው ሰውዬ ድምፁ ወፍራም፣ አነጋገሩ የረጋ ነበር። አንዱ ቃል ቢያመልጠኝ ቀጥሎ የሚመጣው ያስረዳኛል። እኔ ደግሞ ከሥር ከሥሩ ለሚስቴ እተረጉምላታለሁ።

"ሦስት ልብ ካለው ሚስቱን የሚወደው በየትኛው ነው?" ትለኛለች።

"ይህ ሳይንስ ነው።"

"እኔም የጠየቅኩህ ሳይንስ ነው።"

ታፌዛለች እንጂ ታዳምጣለች። ያንን ባለ ወፍራም ድምፅ ሰውዬ በልቤ እንደ የኔታ ነበር የምቆጥረው። ስህተቴ፣ ስህተት ከተባለ፣ እዚህ ላይ ነው። የኔታ ፊደል አስቆጥረው፣ መልእክት አስነብበው፣ ዳዊት ላይ ሲደርሱ ተማሪያቸውን መሐል መንገድ ላይ አይጥሉትም። ቢታመሙ እንኳ ከአልጋቸው ሆነው ያስደግሙታል። እኔም ማስተማር የጀመረ ሁሉ ያስጨርሳል ብዬ ነው ያረጀሁት።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አዲስ ተከታታይ ትምህርት ተጀመረ። የሩቅ አገር ገበሬዎች ከከብቶቻቸው እበት ጋዝ አውጥተው ምግብ ሲያበስሉበት ያሳያል። ጭስ የለው፣ ጥላሸት የለው፤ ሰማያዊ ነበልባል ብቻ።

ከሶፋው ላይ ቀና አልኩ። ሁለት ላሞች አሉኝ፤ የእበታቸው ነገር የጎረቤት ሁሉ ሮሮ ነው። እሱ ይቅር። የሚስቴን ሳንባ የከሰል ጭስ ጎድቶታል። ሐኪሙ ከከሰል ራቂ ካላት ቆይቷል፤ መብራቱ ግን መጣ ሲሉት ይሄዳል፣ እሷም ኩሽናዋን ዘግታ ከሰል ታነዳለች። ሳሎን ተቀምጬ ሳሏን እሰማለሁ። ያንን ሳል በሰማሁ ቁጥር እጄ ሥራ ይፈልጋል።

"ይህን እሠራልሻለሁ" አልኳት።

"ምኑን?"

"ጭስ የሌለውን እሳት።"

"በእበት የበሰለ ወጥ ለሰው ላቀርብ? አንተ ሰውዬ፣ ዘመድ ልታሳጣኝ ነው።"

ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። በማግሥቱ የቀን ሠራተኞች ይዤ መጣሁ።

እያንዳንዱን ክፍል እያየሁ፣ በሳምንቱ ውስጥ ያየሁትን እሠራለሁ። የመጀመሪያው ስለ ጉድጓዱ ነበር፤ ከኩሽናው ጎን አስቆፈርኩት። ሁለተኛው ስለ ግንቡ፣ ሦስተኛው እንደ ተደፋ ቅል ስለ ጎበጠው የድንጋይና የሲሚንቶ ጣሪያው። አራተኛው ደግሞ ስለ ቧንቧው። እበቱ በውሃ ተበጥብጦ በአንድ አፍ ይገባል፤ የተብላላው በሌላው አፍ ይወጣል፤ ጋዙ ከጣሪያው ሥር ይጠራቀማል። ከጣሪያው አጭር የብረት ቧንቧ ብቅ ይላል፤ ጫፉ በብረት ክዳን ይዘጋል። አራተኛው ክፍል ሊያልቅ ሲል ያ የረጋ ድምፅ እንዲህ አለ፦ ክዳኑን በምንም ምክንያት እንዳትከፍቱ። ለምን እንደማይከፈት፣ መቼና እንዴት እንደሚከፈት በሚቀጥለው ሳምንት እናያለን።

ጉድጓዱን ሞላሁት። ክዳኑን አጠበቅኩት። ከመሬት ብቅ ያለውን ጉብታ በሲሚንቶ አስተካክዬ እንደ ጠረጴዛ ደልዳላ አደረግኩት፤ ይህ በትምህርቱ ውስጥ አልነበረም፣ ለግቢዬ ጌጥ ብዬ የጨመርኩት የራሴ ጥበብ ነው። ጎረቤት እየመጣ ያደንቅ ነበር። ቆጮ የምትነግደው ጎረቤቴም፣ የአጥሩ በር ክፍት ሆኖ አይታ፣ "ይሄ ነገር..." ብላ ልትናገር ስትጀምር ስለ ጋዝ ምንነት ከመነሻው አስረዳኋት። አዳምጣኝ ሄደች።

ቅዳሜ ደረሰ። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ።

ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው። ጥግ ላይ ያለችው ምልክትም ያችው ናት። ስክሪኑ ላይ ግን ያማረ ቤት ውስጥ የታጎሩ ወጣቶች አንዲት ድስት ማን እንዳላጠበ ይጨቃጨቃሉ። አንዷ ታለቅሳለች። አንዱ ካሜራ ፊት ተቀምጦ ያለቀሰችውን ያማል።

ማስታወቂያ መሰለኝና ጠበቅኩ። አላልቅ ሲል ዲሹ ዞሮ ነው ብዬ መሰላል አቆምኩ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ወደ ግራ ባዞረው፣ ወደ ቀኝ ባዞረው፣ ከታች የሚስቴ ድምፅ መጣ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሰማዩን ልታጣምመው ነው?"

"ጣቢያው ተሳስቷል!"

"ምንም አልተሳሳተም፤ ልጆቹ እየተጣሉ ነው። ውረድ፣ አንዷ ልትባረር ነው።"

በሚቀጥለውም ቅዳሜ እነሱው ነበሩ። እሑድ ደግሞ የማይተዋወቁ ሰዎች በጭፍን ይጋባሉ። ሰኞ ሰው ሲደነግጥ እያሳዩ ይስቃሉ። ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው፣ ቤቴል ክሊኒክ ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ ገብታ ከሚስቴ ጎን ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ይሄ ሪያሊቲ ሾው ነው። ይቆለፋሉ፣ ሕዝብ ይመርጣል፣ የተጠላው ይወጣል።"

"ምን ያስተምራል?"

"ምንም! ጥሩነቱ እሱ አይደል?"

ሁለቱ ሳቁ። እኔ ግን በመስኮቱ ወደ ግቢው ነበር የማየው። ከሲሚንቶው ሥር ያለው ነገር ትምህርቱ ተቋረጠ ብሎ አይቆምም፤ ጋዙ ሌት ተቀን ይፈለፈላል። የማውቀው እንዴት እንደሚዘጋ ነው። እንዴት እንደሚከፈት የሚነግረኝ አፍ ጠፍቷል።

ጣቢያውን የሚያከፋፍለው ድርጅት ዘንድ ደወልኩ። አንዲት ትሑት ልጅ አነሳች።

"ጤና ይስጥልኝ አባቴ፣ ምን ልርዳዎት?"

"ልጄ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የነበረው ትምህርት አምስተኛው ክፍል መቼ ነው የሚመጣው?"

የጣቢያውን ቁጥር ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

"እሱ ጣቢያ የፕሮግራም ለውጥ አድርጓል አባቴ። አሁን ሪያሊቲ ሾው ነው። በጣም ተወዷል እኮ!"

"መወደዱን አልጠየቅኩሽም። የጀመረውን ማን ይጨርስልኝ?"

"እኛ ሥርጭቱን ነው የምናቀርበው፤ ፕሮግራሙን አንሠራም።"

"የሠሩትን ሰዎች ስልክ ስጪኛ።"

"ውጭ አገር ናቸው አባቴ። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?"

ትንሽ አመነታሁ። "አንድ የተዘጋ ነገር በምንም ምክንያት እንዳይከፈት ከተባለ፣ ለምን ይመስልሻል?"

ከጀርባዋ የሌሎች ልጆች ጫጫታ ይሰማል።

"አባቴ፣ እስቲ ሪሲቨሩን አጥፍተው ያብሩት።"

ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ቤቴ ገብቶ እንደ ቤተሰብ ተቀመጠ። ከእኛ ጋር ይበላል፣ ከእኛ ጋር ይነሳል። ጠዋት ላሞቹን ሳልብ እበቱ በሚወጣበት አፍ በኩል ጉልጉል የሚል ድምፅ እሰማለሁ፤ የተኛ ሰው ጉሮሮ ይመስላል። ያ አፍ ከቀን ወደ ቀን እየሞላ ሄደ። ከሥር የሚገፋው ነገር አለ ማለት ነው። ማን እንደሚገፋው ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

ተከራይዋን፣ ነገሩን ሳልገልጥላት፣ በስልኳ እንድትፈልግልኝ ጠየቅኳት። ደስ አላት።

"ምን ብዬ ልጻፍ ጋሼ?"

"ከእበት ስለሚገኝ ጋዝ።"

ብዙ መጣ። አንዱ እንደ ትራስ የተነፋ የላስቲክ ከረጢት ያሳያል፤ የእኔ አይደለም። ሌላው በማላውቀው ቋንቋ ይጮሃል። አንዱ ክፈቱት ይላል፣ አንዱ አትክፈቱት ይላል፤ የሚያወሩት ግን ስለየራሳቸው ጉድጓድ ነው። ቀጥሎ በመጣው ላይ አንድ ሰው ክብሪት ይዞ ወደ ጉድጓድ ሲያጎነብስ አየን። ከዚያ ክዳኑ ወደ ሰማይ ተወረወረ።

"ውይ!" ብላ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። "ጋሼ፣ ይህን ምን ያደርጉልዎታል? ይልቅ ትናንት የተባረረችውን ላሳይዎት?"

ሰውዬው ተርፎ ይሁን ሞቶ አላየሁም። ስዕሉ ግን ከዓይኔ አልወጣም። ኩሽናው ከሲሚንቶው ያለው ርቀት ሰው እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ነው። ሚስቴ እዚያ ጎንበስ ብላ ከሰል ታርገበግባለች። ለሳንባዋ ብዬ የሠራሁት ነገር ከእግሯ ሥር ተቀምጦ ክብሪቷን ይጠብቃል።

ጋራዥ ሳለሁ ጎሚስታው የተበሳ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን በአረፋው ሲፈልግ አይ ነበር። ሚስቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ ሳሙና በውሃ በጠበጥኩና ሲሚንቶው ላይ በብሩሽ ቀባሁ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወደ ኩሽናው በኩል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ላይ፣ ትንንሽ አረፋ ተነሳ። ፈነዳ። ሌላ ተነሳ። እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ።

ጭቃ በሲሚንቶ ለውሼ ደፈንኩት፤ በማግሥቱ ከጎኑ አረፋ ወጣ። ክዳኑን ልፍታው ብዬ መፍቻ ይዤ ስንት ጊዜ ቆምኩ! ግን ያ ድምፅ በጆሮዬ ይመጣል፤ በምንም ምክንያት። በአጥራችን ወዲያ የሰው ከሰል፣ በወዲህ የእኛ ከሰል። ስከፍተው ወዴት ነው የሚሄደው? ሰው መጠየቅ እችል ነበር። ግን ማንን? እዚህ ሰፈር የሚጠየቀው እኔ ነኝ።

ስለዚህ በእሳት ላይ ዘመትኩ። ከሰሉን ለሌላ ሰው ሰጠሁት። ክብሪቱን ደበቅኩት። መብራት ሲጠፋ "ዛሬ ዳቦ ይበቃናል" እላለሁ።

"ምን ሆነሃል?" አለችኝ ሚስቴ። "ሲጋራ የማታጨስ ሰው የክብሪት ሌባ ሆንክ?"

"ሐኪሙ ከከሰል ራቂ ብሎሻል።"

"ሐኪሙ ከተናገረ ቆየ። አንተ የሰማኸው ዛሬ ነው?" በመስኮቱ ወደ ሲሚንቶው ጠቆመች። "ያ ነገርህስ? ጭስ የሌለው እሳት መቼ ነው የሚነደው?"

"ትምህርቱ አላለቀም።"

"ትምህርቱማ ተባረረ" አለችና ወደ ቴሌቪዥኗ ዞረች። እዚያ ውስጥ አንዲት ልጅ ሻንጣዋን እየጎተተች ቤቱን ትለቅ ነበር። ሚስቴ ከንፈሯን መጠጠችላት። እኔም በዚያች ልጅ ቀናሁ፤ ቢያንስ ከቤቱ መውጣት ችላለች።

በዚህ መሐል አጥር የሚያዋስነን ጎረቤቴ አረፈ። አብረን ያረጀን ሰው ነው። የእድሩ ድንኳን መንገዱ ላይ ተተከለ። በቀብሩ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲወጣ፣ እኔ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ጎረቤቴን ሳልሸኝ ቀረሁ። ግቢዬን ትቼ መሄድ አልቻልኩም፤ በዚያ ሁሉ ግርግር ማን ምን እንደሚለኩስ አይታወቅም ነበር።

የፈራሁት በራሱ እግር መጣ። የሟች ግቢ ጠባብ ነው። ቀብረኛው ሳይመለስ ንፍሮው መድረስ፣ ወጡ መሠራት አለበት። በእኛ ሰፈር ለቅሶ ሲሆን የጎረቤት ግቢ የለቀስተኛው ኩሽና ነው፤ ይፈቀድልን ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ይከለክላል ተብሎ የሚታሰብ የለም። ከሳሎን ስወጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሴቶች እንጨት፣ ውሃና ትልልቅ ድስት ይዘው ገብተዋል። የሚመሩት ያችው የቆጮ ነጋዴ ናት፤ ከደቡብ ምዕራብ መጥታ እዚህ ወልዳ ከብዳ ስትኖር ለእድሩ ድግስ ከእሷ በላይ የሚታመን የለም። ግቢውን በዓይኗ ለካች፤ ደልዳላ ቦታ ፈለገች። አገኘችም።

ጉልቻዎቹ ሲሚንቶዬ ላይ ተደርድረው ነበር።

እንጨቱ ገብቷል። አንዲት ሴት ላምባ የነካ ጨርቅ ከእንጨቱ ሥር ትሸጉጣለች።

"አይነድም!" አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

"እንዴት አይነድም ጋሼ? ደረቅ ባሕር ዛፍ ነው" አለች ነጋዴዋ።

"እዚህ እሳት አይነድም። ወደ መንገድ አውጡት።"

"ጋሼ፣ ለቅሶ ነው እኮ" አለች ቀስ ብላ፣ ያልሰማሁ መስሏት።

"አውቃለሁ።"

"ሲሚንቶው እንዳይጠቁርባቸው ነው" አለች ባለ ላምባዋ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሰማይ። "ቀብር መቅረታቸው ሳያንስ! ወይ ጉድ፣ ሲሚንቶ ከሰው በለጠ!"

ያን ጊዜ ሚስቴ መጣች። በለቅሶ ዓይኗ ቀልቷል። በሴቶቹ ፊት ቆማ እንዲህ ያየችኝ በትዳራችን ዘመን የለም።

"አንተ ሰውዬ፣ በቁሜ አዋረድከኝ። እንጀራ የተበዳደርን፣ ልጅ በየተራ ያዘልን ሰዎች ነን። የዚህ ቤት እመቤት እኔ ነኝ።" እጇን ዘረጋች። "ክብሪቱን ስጪኝ፣ እኔው እለኩሰዋለሁ።"

ሰጠቻት። ሚስቴ ስንጥቁ ላይ ጎንበስ አለች። ክብሪቱ ከሳጥኑ ሲወጣ አየሁ።

ጉልበቴን አሞኛል ያልኩ ሰው እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። እጇን ከነክብሪቱ ጨብጬ ያዝኩ፤ ወደ ኋላ ስስባት ሁለታችንም እንጨቱ ላይ ልንወድቅ ነበር።

"ከሥርሽ ጋዝ አለ!" አልኩ። "ታፍኗል። ተሰንጥቆ እየወጣ ነው። አከፋፈቱን አላውቅም። ሳያስተምሩኝ ሄዱ። ትሞቺብኛለሽ።"

እንዲህ ብዬ በሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። አላውቅም የሚለውን ቃል ማለቴ ነው።

አንዷ ኡኡ ብላ ወደ በሩ ሮጠች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ድስቱ ተንከባለለ። ሚስቴ እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ አፏን ይዛ ቀረች። ነጋዴዋ ግን አልሮጠችም። ክብሪቱን ከጣታችን መሐል ነጥቃ የውሃው ባልዲ ውስጥ ጣለችው፤ ተንበርክካ አሸተተች።

"ባዮጋዝ ነው አይደል?"

"ከየት ታውቂዋለሽ?"

"እህቴ አገር ቤት በሱ አይደል የምታበስለው! ያን ዕለት ልነግርዎት ስል መቼ አስተነፈሱኝ?" ብድግ አለች። "በሉ ማንም እሳት እንዳያቀርብ። እደውላለሁ።"

ስልኳን ከግቢው ውጭ ወስዳ በቋንቋቸው እየተጣደፈች ተነጋገረች። በአጥሩ በላይ ትጠይቀኛለች፤ እመልሳለሁ።

"አፈር አልብሰውታል ወይ ትላለች።"

"አፈር? ምን አፈር?"

እህቲቱ ስትጮህ ከስልኩ ውስጥ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። ጣሪያው ራቁቱን አይተውም፤ ክብደት እንዲጫነው ብዙ አፈር ይከመርበታል፤ ያለዚያ ጋዙ ሲገፋው ይሰነጠቃል። ክዳኑ የማይከፈተው ደግሞ እሳት ባለበት እንዳይከፈት ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ጋዝ አየር የተቀላቀለበት ስለሆነ ይፈነዳል እንጂ ለማብሰያ አይለኮስም፤ ነፋስ ባለበት፣ በጠራራ ቀን፣ ዙሪያው እሳት ጠፍቶ ወደ አየር ይለቀቃል። በቃ። አምስተኛው ክፍል ይኸው ነበር። እንቅልፍ ያሳጣኝ ጥያቄ መልሱ ከአጥሬ ማዶ ሰው አፍ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ሴቶቹ ቤት ለቤት እየሮጡ "ከሰል አጥፉ! ምድጃ አጥፉ!" አሉ። ጉልቻው ከድንኳኑ ወዲያ መንገድ ዳር ተተከለ፤ እኔ እስክጨርስ ግን አልነደደም። ሁሉም ራቁ። ላሞቹም ወጡ። መፍቻዬን ይዤ ነፋሱን በጀርባዬ አድርጌ ቆምኩ።

"ውጪ" አልኳት ሚስቴን።

"አልወጣም።"

"እባክሽ።"

በሩ ድረስ ሄዳ ዞረች። እንባዋ በጉንጯ ላይ እያለ፣ "ዛሬ ሕዝብ ቢመርጥ የምትባረረው አንተ ነበርክ" አለችኝ፤ ወጣች።

ክዳኑን ጥቂት ፈታሁ። ፉጨት ተሰማ። ትንሽ ጨመርኩ። ፉጨቱ ወደ ረጅም ትንፋሽ ተለወጠ፤ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ግቢውን ሞላው፤ ነፋሱ ከሰፈሩ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ወሰደው። በላብ ተጠምቄ ቆምኩ። ሞላ ብሎ የነበረው የእበቱ መውጫ አፍ ቀስ እያለ ጎደለ። ከዚያ ምንም ድምፅ አልነበረም። ቀብረኛው ሲመለስ ንፍሮው ገና አልደረሰም፤ እጅ ያስታጠብኩት ግን እኔ ነኝ፣ በየተራ፣ ምን እንደሆነ ለጠየቀኝ ሁሉ ሳልሸሽግ እየነገርኩ።

ከዚያ ወዲህ ያደረግሁትን ልዘርዝር፤ እኔ ካልዘረዘርኩት የሚዘረዝርልኝ የለም።

ስንጥቁን በመሮ አስፍቼ በአዲስ ሲሚንቶ ዘጋሁት። ሳሙና ቀባሁ፤ አረፋ አልወጣም። በሌላም ቀን ቀባሁ፤ አልወጣም።

ጌጤን አፈር አለበስኩት። ብዙ አፈር። አሁን ጎመን በቅሎበታል።

በክዳኑ ቦታ መዝጊያ ያለው ቧንቧ ተክዬ በግድግዳው ውጭ አዙሬ ኩሽና አስገባሁት። የኩሽናውን መስኮት አሰፋሁት፤ አይዘጋም።

የሟች ቤተሰብ ዘንድ ሄጄ ቀብር የቀረሁበትን ምክንያት ከነፍርሃቴ ነገርኩ። ሠልስቱ እስኪያልፍ ድንኳን አደርኩ።

ነጋዴዋን ቤቴ አስቀምጬ ስለ እህቷ ጉድጓድ ጠየቅኳት። አላቋረጥኳትም፤ ለእኔ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

አምስተኛውን ክፍል ሠራሁት። ተከራይዋ በስልኳ ቀረጸችኝ፤ ጎመኑ አጠገብ ቆሜ፣ በአማርኛ፣ በረጋ ድምፅ፣ ለምን እንደማይከፈት፣ መቼና እንዴት እንደሚከፈት ተናገርኩ። "ጋሼ፣ ትንሽ ይጣሉ እንጂ፣ እንዲህ ማን ያየዋል?" አለችኝ። አልተጣላሁም። እንደኔው ዘግቶ የተጨነቀ አንድ ሰው ከሩቅ ደውሎ ጠየቀኝ፤ አፈር አልብሰው አልኩት፣ እሳት አጥፋ አልኩት፣ ሲጨርስ እስኪደውልልኝ ድረስም አልተቀመጥኩም።

የሚስቴን ሳል አቀለልኩ። ጨርሶ ጠፋ አልልም።

የመጀመሪያዋን ሽሮ በሰማያዊው ነበልባል ሠራችበት። ክብሪቱን የጫርኩት ግን እኔ ነኝ፤ እሷን እስከ ውጭው በር አስወጥቼ፣ እጇን ወደ ላይ አንስታ "እዚህ ነኝ" እስክትለኝ ጠብቄ።